ገልባጭ ተሳቢ ከመግዛታችሁ በፊት የፒክአፓችሁን በር ክፈቱ

በዋሽንግተን ዲሲ፣ በሜሪላንድና በቨርጂኒያ ከታክሲና ከኡበር ወጥተው ወደ ጓሮ ሥራ፣ ወደ ቤት እድሳትና ቆሻሻ ወደ ማንሳት የገቡ ወገኖቼን ሳይ ደስ ይለኛል። ከእነሱ ደጋግሞ የሚመጣልኝ ጥያቄ «ባለ ስንት ጫማ ገልባጭ ተሳቢ ልግዛ?» የሚል ነው። አብዛኛውን ጊዜ የሚጠይቁኝ ዕቁቡ ሊደርሳቸው ሲል፣ ልባቸው ሻጩ ጋ ባየው ትልቅ ተሳቢ ላይ ካረፈ በኋላ ነው። እኔም መልሼ እጠይቃለሁ፦ የምትጭኑት ምንድን ነው? የሚጎትተውስ መኪና የትኛው ነው? እነዚህ ሁለቱ ሳይመለሱ ስለ ርዝመት ማውራት ገንዘብ ያስበላል።

ከክብደቱ እንነሳ። ተሳቢው ፊት ለፊት፣ ከማያያዣው አጠገብ አንድ መለያ ተለጥፏል። እዚያ ላይ «ጂቪደብልዩአር» ተብሎ የተጻፈው ቁጥር ተሳቢው ከነጭነቱ እንዲመዝን የተፈቀደለት የመጨረሻው ክብደት ነው። ብዙ ሰው 14,000 ፓውንድ የሚለውን ሲያነብ 14,000 ፓውንድ የሚጭን ይመስለዋል። የተሳቢው የራሱ ክብደት ግን ከዚያ ላይ ይቀነሳል። 7 በ14 ጫማ የሆነ፣ ሁለት ባለ 7,000 ፓውንድ አክስል ያለው ተሳቢ ባዶውን ወደ 4,200 ፓውንድ ይመዝናል። ለጭነት የሚተርፈው 9,800 ፓውንድ ነው፤ በአገር ቤት ስሌት 44 ኩንታል ገደማ።

የዚህ ተሳቢ ስፖንዳ 2 ጫማ ከፍታ ካለው ካሶኒው ከ7 ኪዩቢክ ያርድ በላይ ይይዛል። አንድ ያርድ ጠጠር 2,800 ፓውንድ አካባቢ ስለሆነ፣ እስከ አፉ ሞላችሁት ማለት ከተፈቀደው እጥፍ ጫናችሁ ማለት ነው። ጠጠር የምትጭኑ ከሆነ ከሦስት ያርድ ተኩል ማለፍ የለባችሁም፤ ካሶኒው ግማሽ ሳይሞላ ጭነቱ አበቃ። ይህን ዐይን በቀላሉ አይቀበለውም። ደንበኛውም አጠገባችሁ ቆሞ «ገና ባዶ ነው እኮ፣ ትንሽ ጨምሩበት» ይላችኋል። እባካችሁ አትጨምሩ። ጎማ የሚፈነዳው፣ ባሌስትራ የሚሰበረው፣ ቁልቁለት ላይ ፍሬን አልይዝ የሚለው በዚያች «ትንሽ» ነው፤ ከፊታችሁ በቆመው መኪና ውስጥ ደግሞ ልጆች ይኖራሉ።

መልች፣ ማለትም አትክልት ሥር የሚነሰነሰው የተፈጨ እንጨት፣ ተቃራኒው ነው። ደረቅ ሲሆን በያርድ ከ400 እስከ 800 ፓውንድ ስለሚመዝን ሰባት ያርድ ሞልታችሁም 6,000 ፓውንድ አይደርስም። ቅርንጫፍ፣ ቅጠል፣ አሮጌ ሶፋና ፍራሽም እንዲሁ ቦታ ይፈጃሉ እንጂ ክብደታቸው ብዙ አይደለም። ሥራችሁ ይህ ከሆነ ገንዘባችሁን ለከባድ አክስል ሳይሆን 4 ጫማ ከፍታ ላለው ስፖንዳ አውሉት። እንዲህ ያለ ተሳቢ ላይ ግን አፈር ለመጫን አትፈተኑ፤ በተለይ ዝናብ የጠጣ አፈር ከጠጠር እኩል ሊከብድ ይችላል።

የጣሪያ ሥራ ላይ ያላችሁ ደግሞ ስሌቱ ይህን ይመስላል። ሺንግል፣ ማለትም የጣሪያው ክዳን ንጣፍ፣ በስኩዌር ይቆጠራል፤ አንድ ስኩዌር 100 ካሬ ጫማ ጣሪያ ሲሆን የተለመደው ዓይነት 250 ፓውንድ አካባቢ ይመዝናል። 25 ስኩዌር ያለው ጣሪያ አንድ ንብርብር ብቻ ከሆነ 6,250 ፓውንድ ስለሆነ በ7 በ14ቱ በአንድ ቢያጆ ይነሳል። ከሥሩ ሌላ አሮጌ ንብርብር ካለ 12,500 ፓውንድ ሆነ፣ ሁለት ቢያጆ ማለት ነው፤ የመጣያው ክፍያም በቶን ስለሆነ አብሮ እጥፍ ይሆናል። ለደንበኛው ዋጋ ከመንገራችሁ በፊት መሰላል አውጥታችሁ የጣሪያውን ጠርዝ ገለጥ አድርጉና ንብርብሩን ቁጠሩ።

አሁን ወደ መኪናው። የሹፌሩን በር ክፈቱና ምሰሶው ላይ የተለጠፈውን መለያ አንብቡ። የተሳፋሪና የዕቃ ክብደት በድምሩ ከዚህ አይለፍ የሚል ቁጥር አለ። እንደ ኤፍ-150 ወይም ሲልቨራዶ 1500 ያለ ቀላል ፒክአፕ የሚነዳ ሰው እዚያ ላይ 1,600 ፓውንድ የሚል አገኘ እንበል። ሁለት ሠራተኛ 360፣ መሣሪያ 200 ቢሆን የሚቀረው 1,040 ነው። የተሳቢው ክብደት ከ10 እስከ 15 በመቶ ያህሉ መኪናው ማያያዣ ላይ ማረፍ አለበት፤ ከዚያ ካነሰ ተሳቢው አውራ ጎዳና ላይ ይወዛወዛል። 15 በመቶው 1,040 የሚሆነው ተሳቢ ከነጭነቱ 7,000 ፓውንድ አካባቢ ነው። ብሮሹሩ ከዚያ በላይ ይጎትታል ቢልም፣ ለዚህ መኪና እኔ የምመክረው 5 በ10 ጫማ፣ 7,000 ፓውንዱን ነው። አንድ ያርድ ተኩል ጠጠር ይጭናል፤ ለጀማሪ የጓሮ ሥራ ይበቃል።

ከዚያ ከፍ ያለው፣ ከባድ ጭነት የሚችለው ባለ 2500 ፒክአፕ ካላችሁ ምርጫው ይሰፋል፤ እዚህ ላይ ግን ሕጉ ይመጣል። የመኪናውና የተሳቢው ጂቪደብልዩአር ሲደመር 26,001 ፓውንድ ወይም ከዚያ በላይ ከሆነና ተሳቢው ብቻውን ከ10,000 ካለፈ፣ ክላስ ኤ ሲዲኤል፣ ማለትም የከባድ ንግድ ተሽከርካሪ መንጃ ፈቃድ፣ ያስፈልጋል። 10,000 ፓውንድ የሆነ ባለ 2500 ከ14,000ው ተሳቢ ጋር 24,000 ነው፤ በተራ መንጃ ፈቃድ ይነዳል። ከኋላ ጥንድ ጎማ ያለው፣ 14,000 ፓውንድ የሆነው ባለ 3500 ግን ከዚያው ተሳቢ ጋር 28,000 ይደርሳል። ጠንካራ መኪና በመግዛታችሁ ሲዲኤል ውስጥ ገባችሁ ማለት ነው። የሚቆጠረው መለያው ላይ ያለው ቁጥር ስለሆነ «ባዶ ነበር የምነዳው» ብሎ መከራከር አያዋጣም። ለዚህ ብለው አንዳንድ አምራቾች ያንኑ ተሳቢ 9,990 ፓውንድ የሚል መለያ ለጥፈው ይሸጡታል፤ ያኔ የምትጭኑትም በዚያው ልክ ይቀንሳል።

ሌላው መስመር 10,001 ፓውንድ ነው፤ ይህ እኛ አካባቢ ብዙዎቻችንን ይነካል። መኪናና ተሳቢ ተደምረው እዚያ ከደረሱና ሥራው ስቴት የሚሻገር ከሆነ የዩኤስ ዲኦቲ ቁጥር (የፌዴራሉ ትራንስፖርት መሥሪያ ቤት የሚሰጠው መለያ ቁጥር)፣ የሐኪም ምርመራ ካርድና ዓመታዊ የተሽከርካሪ ምርመራ ያስፈልጋል። አሌክሳንድሪያ የተጫነ ሲልቨር ስፕሪንግ ሲራገፍ ስቴት ተሻገረ። ትንሿ ተሳቢም ከፒክአፕ ጋር ስትደመር ከ10,001 ታልፋለች፤ ስለዚህ «የእኔማ ትንሽ ናት» አይሠራም። ቁጥሩ ከፌዴራል ሞተር ካሪየር ሴፍቲ አድሚኒስትሬሽን ድረ-ገጽ በነጻ ይወሰዳል። ካመለከታችሁ በኋላ የመንግሥት መሥሪያ ቤት መስለው እየደወሉ ክፍያ የሚጠይቁ ይበዛሉ፤ ለደዋይ የባንክ ካርድ ቁጥር አትስጡ። የግል የመኪና ኢንሹራንስም የንግድ ሥራን አብዛኛውን ጊዜ አይሸፍንምና የንግዱን ግዙ፤ ተሳቢው ራሱ በስሙ ውሉ ላይ መስፈሩን አረጋግጡ።

የራሴን ምርጫ ልንገራችሁ። ባለ 2500 ላለውና ከተማ ውስጥ ለሚሠራ ሰው 6 በ12 ጫማ፣ 12,000 ፓውንዱን እመርጣለሁ። ባዶውን 3,300 አካባቢ ስለሚመዝን 8,700 ይጭናል፤ ሦስት ያርድ ጠጠር ማለት ነው። ከ7 በ14ቱ የሚያንሰው በግማሽ ያርድ ሲሆን፣ በምላሹ የዲሲን ጠባብ የኋላ መንገድ ይገባል፣ የታውንሃውስ ደጃፍ ላይ ይቆማል። ስኪድ ስቲር የሚባለውን ትንሽ የአፈር መዛቂያ ማሽን የሚጭን ግን ስፋቱ ስለማይበቃው ወደ 7 ጫማው ይሂድ። ባለ 16 ጫማውን በዚያው በ14,000 የሚሸጥ ሲመጣባችሁ አስቡበት፤ አክስሉ ያው ሆኖ ብረቱ ስለጨመረ የሚጭነው ከባለ 14ቱ ያነሰ ነው። ማታ የት እንደሚያድርም ቀድማችሁ ጠይቁ፤ ብዙ የመኖሪያ ሰፈር ማኅበር ተሳቢ ግቢ ውስጥ እንዲቆም አይፈቅድም።

ካሶኒውን የሚያነሳው ሃይድሮሊክ በ12 ቮልት ባትሪ ነው የሚሠራው። በቀን ብዙ ጊዜ የምትገለብጡ ከሆነ ከመኪናው የሚመጣው ቻርጅ አያደርሰውምና ቤት ውስጥ የሚሰካ ቻርጀር ያለውን ውሰዱ። የኋላ በሩም ሁለት ዓይነት አከፋፈት ይኑረው፤ እንደ ተራ በር ወደ ጎን የሚከፈት፣ ጠጠር በስሱ ለመበተን ደግሞ ከላይ ተንጠልጥሎ ከታች የሚለቅ። ሸራ የግድ ነው።

ስትገለብጡ መሬቱ ሜዳ ይሁን፤ ወደ ጎን ያዘነበለ ቦታ ላይ የተነሳ ካሶኒ ይወድቃል። የኤሌክትሪክ ሽቦ እንደሌለ ቀና ብላችሁ እዩ። ተሳቢውን ከመኪናው ሳትፈቱ ገልብጡ። በክረምት እርጥብ አፈር ፊት ለፊቱ ላይ ተጣብቆ ሲቀር አካፋ ይዞ ከተነሳው ካሶኒ ሥር የሚገባ ሠራተኛ አያለሁ፤ ደጋፊ ብረቱ ሳይቆም ማንም ሥሩ አይግባ፣ የገዛ ወንድማችሁም ቢሆን።

አሁንም ካመነታችሁ ለአንድ ቅዳሜና እሁድ ተከራዩ። የተለመደውን ጭነታችሁን ጭናችሁ ሎርተን ወደሚገኘው መጣያ፣ ወይም ሜሪላንድ ከሆናችሁ ሼዲ ግሮቭ ሂዱ፤ ስትገቡም ስትወጡም ሚዛን ላይ ያቆሟችኋል፣ ወረቀቱም ስንት እንደጫናችሁ በፓውንድ ይነግራችኋል። ከገዢና ከሻጭ ግምት ሁሉ የሚበልጥ ማስረጃ ያ ወረቀት ነው።

ያገለገለ የምትገዙ ከሆነ ካሶኒውን አስነስታችሁ ሥሩን በባትሪ ብርሃን እዩ፤ የሃይድሮሊኩ እግር ከሻሲው ጋር የተበየደበት ቦታ ላይ ስንጥቅ ወይም አዲስ ቀለም ካለ ተጠራጠሩ። ጎማው ላይ የተመረተበትን ሳምንትና ዓመት የሚያሳዩትን አራት አሃዞች አንብቡ፤ 2319 ማለት በ2019 ሃያ ሦስተኛው ሳምንት ነው። ፍሬኑን ከመኪናችሁ ጋር አገናኝታችሁ ሞክሩ። መለያው የተላጠ ወይም የተፋቀ ተሳቢ ስንት ፓውንድ እንደሚችል የሚመሰክርለት የለምና ዋጋው ምንም ቢረክስ ተዉት።