«የቱን ልመን?» ላልከው ወንድሜ፦ የእኔ የብሎኬት ማሽን ታሪክ

ሰላም ወንድሜ። ጥያቄህን ትናንት ማታ አንብቤ እንቅልፍ እምቢ አለኝ። «ድሬ ላይ የብሎኬት ማምረቻ ልከፍት ነው። ጀርመኖቹ 20 ገጽ ውል ልከው አርባ ጥያቄ ይጠይቁኛል፣ እንደ ሌባ ነው የሚያዩኝ። የቻይናው ሰውዬ ግን ቅን ነው፣ ለሁሉም ነገር ችግር የለም ይለኛል። የቱን ልመን?» ነው ያልከው። እኔም በ2011 ዓ.ም ልክ እንዳንተ ነበርኩ። ስለ ማሽኑ ጥራት ሌሎቹ ነግረውሃል። እኔ ያቃጠለኝን ልንገርህ።

1ኛ፦ ጀርመኖቹ አልናቁህም። እኔም ያኔ ተንቄያለሁ ብዬ ነበር። «የመብራት መስመርህ ስንት ቮልት ነው? የምትጠቀመው ጠጠር ትልቁ ስንት ሚሊ ነው? ማሽኑን ከመኪና የሚያወርደው ክሬን ስንት ቶን ያነሳል?» እያሉ ጠየቁኝ። ስለ ክሬኑ «አታስቡ፣ እሱን እኛ እንወጣዋለን» ብዬ መለስኩ። በማግስቱ «እባክዎ ቁጥሩን ይጻፉልን» የሚል አንድ መስመር መጣ። ላፕቶፑን ዘጋሁት። እኛ ጋ አንድ ሰው አታስብ ካለህ በኋላ ደግመህ ከጠየቅከው አላመንኩህም ማለትህ ነው። እነሱ ጋ ግን የሚጠየቀው ሁሉ መጀመሪያ ተጠይቆ ያልቃል፣ ይጻፋል፣ ከዚያ በኋላ ማንም ማንንም አይጨቀጭቅም። ይህ የገባኝ ዘግይቶ ነው።

2ኛ፦ «ችግር የለም» የሚለውን ቃል እንደ እኛ አትስማው። ጀርመኖቹን ትቼ ማሽኑን የገዛሁት ከቻይና ነው፣ ሻጩም መጥፎ ሰው አልነበረም። ድሬ ድረስ መጥቷል፣ ሳቢያን እቤቴ ምሳ በልቷል፣ ለእናቴ ሻርፕ አምጥቶላታል። ቡና እየጠጣን ሦስት ጣቴን አውጥቼ «ሦስት ሞልድ፣ ባለ 20፣ ባለ 15፣ ባለ 10» አልኩት። ሞልድ ብሎኬቱ የሚቀረጽበት ብረት ነው፣ ቁጥሩ የብሎኬቱ ውፍረት በሴንቲ። «ችግር የለም» አለኝ። ከፊራ ገበያ ላይ አንድ ነጋዴ «ጨርሰናል» ሲልህ እንደሚሰማህ ነው የተሰማኝ። ፕሮፎርማው ላይ ግን የተጻፈው «የብሎኬት ማሽን ከነሞልዱ፣ 1 ስብስብ» ብቻ ነው። ፈረምኩ። ያኔ የውጭ ምንዛሪ ወረፋ ወራት ጠብቄ ገና ተራ የደረሰኝ ሰሞን ስለነበር ችኮላም ነበረብኝ።

ባንኩ ጋ ያየሁትን ደግሞ መቼም አልረሳውም። ኤልሲ፣ ማለትም ባንኩ ሰነዱ ሲሟላ ለሻጩ እከፍላለሁ የሚልበትን ዋስትና፣ ለመክፈት ሦስት ጊዜ መልሰውኛል። አንዴ የከተማችን ስም በእንግሊዝኛ ሲጻፍ በንግድ ፈቃዱና በፕሮፎርማው ላይ በአንድ ፊደል ተለያየ ብለው ነው። የምታስተናግደዋ ልጅ ከኮምፒውተሯ ቀና ብላ አላየችኝም። እያወራሁ «ቀጣይ!» ትላለች። በአባቴ ዕድሜ ያሉ ሽማግሌ ከኋላዬ ነበሩ፣ እሳቸውንም እንደዚያው። በሦስተኛው ቀን ግን አንድ ነገር ጠየቀችኝ። «ከነሞልዱ የሚለው ስንት ሞልድ ነው?» አለች። አጠያየቋ ስድብ ስለመሰለኝ «እነሱ ያውቁታል!» ብዬ መለስኩላት። ያን ቀን በሰው ወግ ብታናግረኝ ኖሮ ቁጭ ብዬ አስበው ነበር። እስካሁን ያናድደኛል።

ኮንቴይነሩ ድሬ ደርሶ ሲከፈት አንድ ሞልድ ብቻ። ባለ 20። ሠራተኞቹ ማሸጊያውን ፕላስቲክ እስከ መጨረሻው ገለጡት፣ ከሥሩ የእንጨት ርብራብ እንጂ ሌላ ነገር አልነበረም። ስልክ ደወልኩ፣ አይነሳም። ከሁለት ሳምንት በኋላ ሌላ ሰው አነሳ። «እሱ ሥራ ለቋል። ውላችን ላይ ያለው አንድ ስብስብ ነው፣ አንድ ስብስብ ልከናል» አለኝ። ባንኩም ሰነዱ ትክክል ነው ብሎ ከፍሎ ጨርሷል። ኤልሲ የሚመራበት ዓለም አቀፍ ደንብ፣ ከ2007 እ.ኤ.አ ጀምሮ የሚሠራበት ዩሲፒ 600፣ ባንኮች የሚያዩት ሰነድ እንጂ ዕቃ አይደለም ይላል።

እኔን የጎዳኝ «ሥራ ለቋል» የሚለው ነው። አቦ፣ እኛ ጋ ቃል ከሰው ጋር ሥራ አይለቅም! ነጋዴው ቢሞት ቀብሩ ላይ «ከሟች ላይ ገንዘብ አለኝ የሚል ካለ ይምጣ» ተብሎ ይታወጃል። ልጁ ይከፍላል። መጋላ ሰፈር ውስጥ ለስንት ዓመት በዱቤ ሰጥቻለሁ፣ ማስታወሻዬ ስምና ቁጥር ብቻ ነው፣ ፍርድ ቤት ሄጄ አላውቅም። በዚህ ዛሬም እኮራለሁ። ቢሆንም የራሳችን ሕግ እንኳ በቃል ብቻ አያምንም። በ1952 ዓ.ም የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ አንቀጽ 2472፣ ከ500 ብር በላይ የሆነ ብድር በጽሑፍ ወይም ፍርድ ቤት በሚደረግ እምነት ወይም መሐላ ካልሆነ አይረጋገጥም ይላል። የእኔ ማስታወሻ የሠራው መጋላ ውስጥ ሁሉ ሰው የሁሉን አባት ስለሚያውቅ ነው።

የጎደሉትን ሁለት ሞልዶች አንድ የድሮ የምድር ባቡር ቶርኖ ሠራተኛ ከላሜራ ሠራልኝ። እጁ ወርቅ ነው፣ ብረቱ ግን የሚጠነክር ዓይነት አልነበረም። በጥቂት ወራት ጠርዙ ተበልቶ ባለ 10 ብሎኬቴ ሰፍቶ ይወጣ ጀመር። ለክፍልፋይ ግድግዳ ያዘዘኝ ኮንትራክተር አንድ መኪና ሙሉ መለሰብኝ። ደንበኛዬ ሆኖ ሳለ ሌላ ጋ ሄደ።

የእህቴ ልጅ ድሬዳዋ ዩኒቨርሲቲ ማኔጅመንት ተምራለች። ስነግራት ኤድዋርድ ሆል ስለሚባል አሜሪካዊ አንትሮፖሎጂስት አጫወተችኝ። ሆል አንዳንድ ሕዝብ ሐሳቡን በሙሉ በቃል ያስቀምጣል፣ ሌላው ግን ብዙውን ሳይናገር ለሁኔታው ይተወዋል ይላል አለችኝ። ጀርመኖችን ከመጀመሪያው፣ ቻይናዎችን ከሁለተኛው ይመድባል። እኛስ? አልኳት። «ከቻይናዎቹ ጋር እንጂ!» አለች። ሁሉ ነገር የገባኝ ያኔ ነው። ጀርመኑ ባዕድ ስለሆነብኝ ተጠነቀቅሁ። ቻይናው እንግዳ ተቀባይ፣ ሽማግሌ አክባሪ፣ ፊት ለፊት እምቢ የማይል፣ ልክ እንደኛ ስለሆነብኝ ዘና አልኩ። ሁለታችንም ሳንናገር ተግባባን ብለን ተለያየን፣ ያልተናገርነው ነገር ግን የየራሳችን ነበር። የእሱ «ችግር የለም» እንግዳ ተቀብሎኝ አላሳፍረውም ነው። የእኔ ጆሮ የሰማው ሦስት ሞልድ ነው።

3ኛ፦ በ2015 ዓ.ም ሁለተኛ ማሽን ያመጣሁት ከቻይና ነው፣ ከሌላ ፋብሪካ። አቅሜ የሚፈቅደው እሱን ነበር። ያንተም እንደዚያው ይመስለኛል፣ ስለዚህ ከቻይናው ግዛ። ያን ጊዜ ያደረግኩት እንዲህ ነው። የጀርመኖቹን አርባ ጥያቄ ከድሮ ኢሜይሌ አውጥቼ ለቻይናው ላክሁለት። ግማሹን «ችግር የለም» ብሎ መለሰው። «እኔ አምንሃለሁ፣ ባንኩ ነው ቁጥር ካልተጻፈ አልቀበልም የሚለኝ» አልኩት። እንዲህ ስትለው አይከፋውም፣ ፊቱም አይጠቁርም። ከፊራ ላይም ይሠራል። በዊቻት፣ በቻይናዎቹ የስልክ መልእክት መላላኪያ፣ እየተመላለስን ሦስት ሳምንት ፈጀ። እያንዳንዱን ሞልድ ፎቶ አንስቶ፣ ክብደቱን ጽፎ ላከልኝ። ዝርዝሩን የፕሮፎርማው አካል አድርገን የድርጅቱ ቀይ ክብ ማኅተም አረፈበት። ማኅተሙን እንዳትዘነጋ፣ እነሱ ጋ ከሰውዬው ፊርማ ይልቅ እሱ ይከብዳል፣ ሰውዬው ቢለቅም ይቀራል። ከተፈራረምን በኋላ ብረት ጨምሯል ብሎ ዋጋ ሊያነሳብኝ ሞክሮ ነበር። መጀመሪያ ቱግ አልኩ፣ ኋላ ግን ዋጋው ባለበት ቀርቶ በተጨማሪ የመለዋወጫ ዕቃ ተስማማን።

ሦስቱም ሞልዶች መጡ። ከመኪና ሲወርዱ ራሴ ቆሜ ቆጠርኳቸው።

አንተ ስህተቱን ብትደግመው ከእኔ የበለጠ ነው የምትከስረው። በ2011 ዶላር በባንክ 28 ብር ገደማ ነበር። ከሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም ወዲህ ምንዛሪው በገበያ ስለሚወሰን አሁን ከ100 ብር በላይ ነው።

የጥያቄዎቹ ፋይል በአማርኛ ተተርጉሞ እኔ ጋ አለ። ኢንቦክስ አድርግልኝ፣ እልክልሃለሁ። ሰውዬህ እየመለሰልህ ሲሄድ 17ኛው ጥያቄ ላይ ቆም በል፣ የሞልድ ብዛትና መጠን የሚለው እሱ ነው። ያለ ቁጥር እንዳታልፈው።