ልጆቹን ይዘን ፓርክ ስንሄድ ምን እንግዛላቸው?

ጥያቄ፦ ሰላም ለእናንተ ይሁን አዘጋጆች፣ እኔ ቡራዩ አሸዋ ሜዳ ነው የምኖረው፣ የ11 ዓመት ሴት ልጅ እና የ8 እና የ3 ዓመት ወንዶች ልጆች አሉኝ። ባለፈው በዓል አንድ መዝናኛ ፓርክ ወስደናቸው ነበር፣ ጨዋታው ላይ ምንም ችግር አልነበረም፣ ስንወጣ ግን በሩ ላይ የሚያበራ ሰይፍ ፊኛ መነጽር ምናምን ተደርድሮ ለአንዱ ሲገዛለት ሌላው እያለቀሰ ለመግቢያና ለመጫወቻ ከከፈልነው በላይ አውጥተን ገባን፣ ሰይፉም በማግስቱ ተሰበረ። አሁን ደሞ ክረምት ሳይገባ እንጦጦ ፓርክ ልንወስዳቸው ቃል ገብተንላቸዋል። ባለቤቴ በዚህኛው ምንም ነገር አይገዛም ብሎ ቆርጧል፣ እኔ ደሞ ባዶ እጃቸውን ሲመለሱ አንጀቴ አይችልም፣ በዛ ላይ የጎረቤት ልጆች በር ላይ ጠብቀው «ምን አመጣችሁልን» ይላሉ። ምን ትሉኛላችሁ?
እናት ነኝ ከአሸዋ ሜዳ

መልስ፦ እህቴ፣ ልጆችሽ ስግብግብ ሆነው አይደለም ያለቀሱት። ሲሮጡ ውለው ደክሟቸዋል፣ ርቧቸዋል፣ በዛ ሰዓት የሚያብለጨልጭ ነገር ፊታቸው ተደረደረ፣ ስንት ብር እንደተያዘላቸው ደሞ ማንም አልነገራቸውም። መጠኑ ያልተነገረው ልጅ የት ላይ ማቆም እንዳለበት በምን ያውቃል? የሚያውቀው ሲያለቅስ እናቱ እንደምትገዛለት ብቻ ነው።

ስለዚህ ከመሄዳችሁ በፊት በነበረው ማታ እራት ላይ ቁርጡን ንገሪያቸው። ለምሳሌ ለእያንዳንዳችሁ 300 ብር አለ፣ ከዛ በላይ የለም በያቸው፣ አቅማችሁ 100 ከሆነም 100 ይሁን፣ ዋናው ነገር ቀድሞ መታወቁ ነው። ለሁለቱ ትልልቆች ብሩን በእጃቸው ስጫቸው። ብሩ የራሱ ሲሆን የ8 ዓመቱ ልጅሽ እቃውን ገልበጥ አድርጎ ሲያይ፣ ስንት ነው ብሎ ሲጠይቅ፣ መልሶ ሲያስቀምጥ ታይዋለሽ። የተረፈችው የሱ ናት፣ አትቀበይው። ካነሰው ግን አትጨምሪ፣ አንዴ 20 ብር ከጨመርሽ እኮ በቃ ወደ ድሮው ተመለሳችሁ ማለት ነው። ባለቤትሽም የፈራው ብክነቱን ይመስለኛል፣ ከዚህ በላይ አይወጣም የሚል ቁርጥ ነገር ስታቀርቢለት ሀሳቡን መቀየሩ አይቀርም።

የ3 ዓመቱን በብር ምረጥ ማለት አይሆንም፣ ሁለት ነገር አሳዪውና አንዱን ይያዝ። ለሱ ስትገዢ ግን በጣም እንድትጠነቀቂ የምፈልገው የሚያበሩትን መጫወቻዎች ነው። ብዙዎቹ ውስጥ ሳንቲም የምታክል ክብ ባትሪ አለች፣ ልጅ ከዋጣት ጉሮሮ ላይ ተጣብቃ በ2 ሰዓት ውስጥ ክፉኛ ልታቃጥል ትችላለች። የባትሪው ክዳን በብሎን ካልታሰረና በጥፍር ተነቅሎ የሚከፈት ከሆነ አትግዢው፣ ቤት ያለውንም ዛሬውኑ እዪው። ዋጠ ብለሽ ከጠረጠርሽ እስቲ እስኪወጣ እንይ ብለሽ እንዳትጠብቂ፣ ወዲያው ሆስፒታል ነው። ፊኛም ሲፈነዳ ቁርጥራጩን ቶሎ ልቀሚ፣ ትንንሽ ልጆችን ያንቃል።

የት ይገዛ ካልሽ ደሞ የፓርኩን በር አትጠብቂ። ከስድስት ኪሎ ወደ እንጦጦ ስትወጡ ሽሮ ሜዳን ታልፋላችሁ አይደል፣ ስትሄዱ ዋጋ ብቻ ጠይቁ፣ ስትመለሱ ግዙ፣ ቀኑን ሙሉ ምን እንደሚገዙ ሲያስቡ ይውላሉ። እዛ የሸማኔ እጅ የነካው የልጅ ነጠላ፣ ሻርፕ፣ ትንንሽ ቦርሳ ሁሉ አለ። ለሴቷ ልጅሽ ሻርፕ ብትመርጥ ደስ ይለኛል፣ ለዓመታት ትለብሰዋለች። ቀለም ያለው ከሆነ በእርጥብ ነጭ ሶፍት ጥለቱን ሸት ሸት አድርጊው፣ ሶፍቱ ላይ ቀለም ከወጣ መጀመሪያ ያጠብሽው ቀን ነጩን ያበላሽብሻል፣ ሌላ ይምጣልኝ በይ። ድሮ ከእንጦጦ እንጨት ተሸክመው ይወርዱ የነበሩ ሴቶች ተደራጅተው የሚሸምኑት ሻርፕም አለ፣ ካገኘሽ ከነሱ ግዢ፣ ልጅሽም ማን እንደሰራው ሰምታ ትልበሰው።

ሳይከፈልበት የሚመጣም አለ። እንጦጦ ባሕር ዛፍ ስር የወደቀውን ፍሬ ያያሉ፣ ጠንካራ ናት፣ አመድማ፣ አናቷ ላይ ኮከብ የመሰለ ቅርጽ አላት፣ በጥፍር ስትቧጠጥ ያ ጉንፋን ሲይዘን ቅጠሉን ቀቅለን የምንታጠነው ሽታ ይወጣታል። ዛፉ በምኒልክ ዘመን ከውጭ የመጣ ነው። ለልጆቹ ምኒልክና ጣይቱ 1879 አዲስ አበባ ሳትቆረቆር በፊት እዚሁ ተራራ ላይ ይኖሩ እንደነበር ንገሪያቸው፣ ከደረሳችሁ ቤተ መንግሥቱንና ማርያምን አሳዪያቸው፣ ከዛ ፍሬዋን ከመግቢያ ቲኬቱ ጋር ደብተር ላይ ይለጥፏት። ከመሬት የወደቀውን ብቻ ግን፣ ዛፍ አይቀጥፉ።

ለጎረቤት ልጆች ለየብቻ ልግዛ ካልሽ አትዘልቂውም። አንድ ትልቅ ከረጢት ዳቦ ቆሎ ወይ ቆሎ ያዢና ልጆችሽ ራሳቸው በር ላይ ያካፍሉ፣ ማንም አይቀርም ማንም አይበላለጥም። ይሄን ወጪ ከልጆቹ ብር ላይ አትቀንሺ፣ ካንቺ ቦርሳ ይሁን።

ሽሮ ሜዳ ከመውረዳችሁ በፊት ምሳ በደንብ ይብሉ፣ ትንሹም ከተኛ እዘዪው፣ ሳይነቃ የትልልቆቹ ግዢ ቢያልቅ ይሻላል። ሌላው ደሞ ሹራብ፣ እንጦጦ ከ3,000 ሜትር በላይ ነው፣ ፀሐይ ወጥታ እንኳን ነፋሱ ይበርዳል፣ ከቤት ይዛችሁ ውጡ።