መልስ፦ ከእናቴ ደብዳቤ ነጠላ መሥራት ፈልጌ ወረቀቱ ተቀደደብኝ ላልሽው

እህቴ፣ ከአሮጌ ጋዜጣና ከእናትሽ ደብዳቤ ነጠላ ልታሠሪ ስትይ ወረቀቱ እየተቀደደ አስቸገረሽ። ጋዜጣውን ተይው፤ ቃጫው አጭር ስለሆነ ሲጠመዘዝ ይበጠሳል። እኔ ለገጣፎ ነው የምኖረው። በየግንባታው የሚጣለውን የወረቀት ሲሚንቶ ከረጢት እጠቀማለሁ። ንብርብር ስለሆነ የመሃሉን ብቻ ውሰጂ። ደጅ ወጥተሽ፣ አፍንጫሽን ሸፍነሽ አራግፊው።

ከዚያ ጨምድጂው፣ ዘርጊው፣ ደግመሽ ጨምድጂው። 20 ጊዜ ያህል። እንደ ጨርቅ ሲለሰልስ እጅሽ ይነግርሻል። በ4 ሚሊሜትር ስፋት ቆርጠሽ፣ ትንሽ አርጥበሽ በእንዝርት ፍተዪው። ጃፓኖች ሺፉ የሚሉትን ጨርቅ የሚሸምኑት እንዲህ ከተፈተለ ወረቀት ነው። ሽሮ ሜዳ ለሸማኔ ስትሰጪ ድሩ ጥጥ፣ ማጉ ወረቀት ይሁን በዪው። ድር ስለሚወጠር ወረቀታችን አይችለውም።

ደብዳቤዎቹን ግን እባክሽ አትቁረጫቸው! አንዳንድ የእስክሪብቶ ቀለም ውሃ ሲነካው ይፈሳል። ፎቶኮፒ አስደርገሽ ኮፒውን ፍተዪ። ዋናውን ከስስ የቬሎ ጨርቅ ኪስ ሰፍተሽ ውስጡ አስቀምጪው። እኔ የአባቴን የእቁብ ደብተር አንድ ገጽ እንዲህ አድርጌ ደረቴ ላይ ይዤዋለሁ። ጠርዙ ላይ የአውራ ጣቱ የዘይት አሻራ እስካሁን ይታያል።