ለጤና ሳይንስ ተማሪዎች፦ ስለ «ሃይፐር» እና ስለ «ሃይፖ»

ልጆቼ፣

ዕድሜዬን የፈጀሁት ፋርማሲ ውስጥ፣ የሐኪም ጽሑፍ ሳነብ ነው። ዘጠነኛ ክፍል ላይ ትምህርቱ ወደ እንግሊዝኛ ሲዞር ብዙዎቻችሁ ቃላቱን በሽምደዳ እንዳለፋችሁ አውቃለሁ። የሕክምና ቃል ግን በሽምደዳ አይዘለቅም፤ ከቃሉ ፊት የሚቀጠለውን ባዕድ መነሻ ለይቶ ማየት ይጠይቃል።

«ግላይሴሚያ» የሚነግራችሁ ነገሩ የደም ስኳር መሆኑን ብቻ ነው። ከፍ ማለቱን «ሃይፐር»፣ መውረዱን «ሃይፖ» ይነግራችኋል። ሁለቱም ከግሪክ የመጡ ናቸው፤ «በላይ» እና «በታች» ማለት ነው። ወረቀት ላይ ዓይን ይለያቸዋል፤ በስልክ፣ ለዚያውም ጫጫታ ውስጥ፣ ጆሮ ያምታታቸዋል። ስኳሩ ከፍ ላለበት የሚሰጠው ኢንሱሊን ስኳሩ የወረደበትን ሰው ሊገድል ይችላል። ስለዚህ በቃል ስታስተላልፉ ቁጥሩን ከነመለኪያው ተናገሩ፤ የሰማው ሰውም መልሶ ይድገምላችሁ።

የራሳችንም ቋንቋ ቢሆን ያሳስታል። «ደም ብዛት» እና «ደም ማነስ» ተቃራኒ ይመስላሉ። የመጀመሪያው ሃይፐርቴንሽን፣ የግፊት ጉዳይ ነው፤ ሁለተኛው አኒሚያ፣ በደም ውስጥ ኦክስጅን የሚሸከመው የሄሞግሎቢን ማነስ። አንድ ሰው ሁለቱም ሊኖሩበት ይችላሉ። «ደሜ በዝቷል ተብዬ እንዴት ደግሞ አነሰ እባላለሁ?» ብሎ የሚሞግት ታካሚ ሲገጥማችሁ አትሳቁ፤ ረጋ ብላችሁ አስረዱት።

«ኢን»ን ደግሞ ሁልጊዜ አፍራሽ አድርጋችሁ አትያዙት። ከግዕዝ የወረስነው የ«ኢፍትሐዊ» እና የ«ኢሰብአዊ» «ኢ» ስላለን፣ እኛ ቶሎ ወደዚያ እናዘነብላለን። የአልኮል ጀሪካን ላይ «ኢንፍላሜብል» የሚል ስታዩ «አይቀጣጠልም» ማለት እንዳይመስላችሁ! ይህኛው «ኢን» የ«ኢንፍላሜሽን»፣ የሰውነት መቆጣት የምንለው ቃል፣ ነው፤ ቃሉም በቀላሉ ይቀጣጠላል ማለት ነው። አሜሪካኖቹ ራሳቸው ተደናግረውበት፣ ብሔራዊው የእሳት መከላከያ ማኅበራቸው እ.ኤ.አ. በ1920ዎቹ «ፍላሜብል» ተብሎ ይጻፍ ብሎ ነበር።

«አንቲ» እና «አንቴ»ም እንዲሁ ናቸው፤ በላቲን ፊደል የሚለያዩት በአንዲት ሆሄ ነው። የ«አንቲባዮቲክ»ኛው «ፀረ» ሲሆን የ«አንቴናታል»ኛው «ቅድመ» ነው። ይህችን ከሳታችሁ ለቅድመ ወሊድ ክትትል የመጣችውን ነፍሰ ጡር ወደ ቤተሰብ ምጣኔ ክፍል ልትሸኟት ነው።