ኢንቨርተሩን ከመቀየርህ በፊት ቻርጀሩን ንቀል

ወንድሜ፣ አብሽር። መብራት ሲጠፋ ሚክሰርህን፣ ሁለቱን ፓወርድ (አምፕሊፋየር ውስጣቸው ያለ) ስፒከሮችና ላፕቶፕህን በ1000 ዋት ኢንቨርተር፣ ማለትም የባትሪን ኃይል ወደ መስመር መብራት ዓይነት በሚቀይር ዕቃ፣ ታስነሳለህ፤ በመስመር መብራት ንጹህ የነበረው ድምፅ ያኔ እዝዝዝ ማለት ይጀምራል፤ ፊልተር ልግዛ ወይስ ኢንቨርተሩን ልቀይር ብለሃል። ገና ምንም አትግዛ። እኔ እዚህ ደሴ ትንሽ የመቅረጫ ክፍል አለችኝ። ይሄ ነገር ብዙ ጊዜዬንም ገንዘቤንም በልቷል።

ችግሩ የገባኝ በመሰንቆ ነው። አንድ አባት አምባሰል ሊቀረጹ መጡ፣ መብራት የለም፣ በኢንቨርተር ቀጠልን። ከባንድ ጋር ሲሆን ብዙ ነገር ይሸፈናል። መሰንቆ ግን አንድ ክር ነው፤ ቀስቱ ሲያርፍ ያለው ዝምታ ራሱ የዜማው አካል ነው። ማታ ቁጭ ብዬ ስሰማው ዝምታው ሁሉ የንብ መንጋ የመሰለ ድምፅ ተጭኖበታል። በጣም ከፋኝ። ብዙም ሳልቆይ ውድ ኢንቨርተር ገዛሁ፤ ጥዝዝታው ግማሹ ሄደ፣ ግማሹ ግን አለ፤ ማውሱን ባንቀሳቀስኩ ቁጥር የሚለዋወጥ ቀጭን የሲር ሲር ድምፅ። ግራ ሲገባኝ የላፕቶፑን ቻርጀር ነቀልኩት። ጭጭ አለ።

ስለዚህ አንተም መጀመሪያ ይሄን አድርግ። ሁሉም ነገር በኢንቨርተር እየሠራ ቻርጀሩን ንቀልና ላፕቶፑ በራሱ ባትሪ ይሥራ። ድምፁ ከጠፋ ጥፋቱ የቻርጀሩ መስመር ነው፤ ከቻርጀሩ የሚያፈተልከው ከረንት መውጫ ሲፈልግ በድምፅ ኬብሉ መሬት (ግራውንድ) በኩል ያልፋል፣ ሚክሰሩም ያንን እንደ ድምፅ ያጎላዋል። መፍትሔው በላፕቶፑና በሚክሰሩ መካከል ባለ ትራንስፎርመር ዲአይ ቦክስ (ድምፁን እያሳለፈ የሁለቱን ዕቃዎች መሬት የሚለያይ ትንሽ ሣጥን) ማስገባት ነው፣ ግራና ቀኝ ለየብቻ ከፈለግህ ደግሞ ባለ ሁለት መስመሩን።

ካልጠፋ ወደ ስፒከሩ የሚገባውን የድምፅ ኬብል ንቀል፤ ኬብሉን እንጂ የመብራቱን ገመድ አይደለም። ስፒከሩ ዝም ካለ ጩኸቱ የሚመጣው ከሚክሰሩ ወገን ነው። ኬብሉ ተነቅሎም እዝዝ ካለ በመብራቱ በኩል እየገባ ነው፣ ያኔ ኢንቨርተሩን ጠርጥር።

ኢንቨርተሩ ላይ የተጻፈውን አንብብ። ሞዲፋይድ ሳይን ዌቭ ካለ ችግርህ እዚያ ነው። የመስመር መብራት በሴኮንድ 50 ጊዜ ለስላሳ ሆኖ ይወጣል ይወርዳል፣ ሞዲፋይዱ ግን እንደ ደረጃ ነው የሚዘለው። ያ ዝላይ የ50 ብዜት የሆኑ ብዙ ድምፆችን ይወልዳል፣ እነሱም ጆሯችን በደንብ የሚሰማቸው ናቸው። ሱቅ የሚሸጡት ትንንሽ ፊልተሮችና ኬብል ላይ የሚታሰሩት ፌራይቶች (ማግኔት መሰል ቀለበቶች) የሚይዙት በጣም ከፍተኛውን ፍሪኩዌንሲ ነው፤ ይሄኛውን አይነኩትም። ለዚህ ብለህ ፊልተር ብትገዛ ገንዘብህ ውሃ በላው ማለት ነው። ፒዩር ሳይን ዌቭ፣ ማለትም እንደ መስመር መብራት ለስላሳ የሆነው ብቻ ነው የሚያድንህ። ትራንስፎርመር ያላቸው የቆዩ አምፕሊፋየሮች ካሉህማ ሞዲፋይዱ ያግላቸዋል፣ አይመከርም።

ፒዩር ሆኖም ሊጮህ ይችላል፣ የእኔም እንደዚያ ነበር። ሚክሰሩን እጅህ ሲነካው ጩኸቱ የሚቀንስ ከሆነ ወይም ማይኩ ከንፈር ላይ ነዘር የሚያደርግ ከሆነ ኧርዝ (ከመሬት ጋር የሚያገናኝ የደህንነት ሽቦ) የለህም። ብዙ ኢንቨርተሮች ላይ የሶኬቱ ኧርዝ ከሣጥኑ ብረት ጋር ብቻ ነው የሚገናኘው፤ ብረቱ ደግሞ መሬት ውስጥ ከተቀበረ ዘንግ ጋር ካልታሰረ ከመሬት ጋር አልተገናኘም ማለት ነው። ይሄን ኤሌክትሪሻን ይሥራልህ፣ የኢንቨርተሮች አሠራር ይለያያልና ኒውትራሉን በግምት አትንካ።

አደራ፣ ጩኸት ለማጥፋት ብለህ የሶኬቱን ኧርዝ እንዳትቆርጥ። በየሰርጉ አይቻለሁ፣ ጩኸቱ ሊጠፋ ይችላል፣ ግን አንድ ቀን አንዱ ዕቃ ሾርት ካደረገ ማይኩን የያዘው ሰው ነው የሚመታው። ዲአይ ቦክስ ላይ ያለው የግራውንድ ማቋረጫ ሌላ ነው፣ እሱ የሚያቋርጠው የድምፁን መሬት ብቻ ስለሆነ ችግር የለውም።

ሚክሰሩም ስፒከሮቹም ከአንድ ዲቫይደር ይነሱ። አንዱ ከዚህ ግድግዳ ሌላው ከዚያ ሲሆን በመሬቱ ሽቦ ዙሪት ይፈጠራል። ከሚክሰር ወደ ስፒከር በኤክስኤልአር (ባለ ሦስት እግር) ኬብል ሂድ፣ ተራው ባለ ሁለት ነጥብ ጃክ ሲረዝም ጩኸት ይለቅማል። የድምፅ ኬብልና የመብራት ገመድ አብረህ አትጠቅልል፤ መገናኘት ካለባቸው ተሻግረው ይለፉ። የስልክ ቻርጀርና ርካሽ ኤልኢዲ አምፖል ከዚያ ዲቫይደር አውጣ። ሶላር ካለህና ጩኸቱ ቀን ቀን ብቻ ከሆነ የቻርጅ መቆጣጠሪያውን ለአፍታ አቋርጠህ ሞክር።

የባትሪውን ሽቦም እይ። ኢንቨርተሩ ለ1000 ዋት ከባለ 12 ቮልት ባትሪ ከ83 አምፔር በላይ ይስባል። ሽቦው ቀጭን ወይም ረጅም ከሆነ ቤዙ ሲመታ ቮልቱ ይወርዳል፣ ኢንቨርተሩ ይጮሃል፣ ድምፁም ይሰነጠቃል። ከባትሪ እስከ ኢንቨርተር ወፍራምና አጭር ይሁን፣ ሁለቱ ሽቦዎች ተጠጋግተው ይሂዱ። ማራዘም ካለብህ የ220ውን ወገን አራዝምና ኢንቨርተሩን ከሚክሰሩ ሁለት ሜትር ያህል አርቀው። ማራገቢያው ራሱ ማይክ ውስጥ ይገባል።

እነዚያ አባት ተመልሰው መጥተው እንደገና ቀረጽናቸው፣ ላፕቶፑ በባትሪ። አሁን ቻርጀሩን ነቅለህ የሰማኸውን ጻፍልኝ፣ ኢንቨርተሩ ላይ የተለጠፈውን መግለጫም ፎቶ አንስተህ አያይዝ።