መኪናው ፉል ኢንሹራንስ አለው፤ ልለማመድበት?

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ የዓምዱ አዘጋጆች። የምኖረው ለንደን ነው፤ ከመጣሁ ሦስት ዓመት አልፎኛል። ፕሮቪዥናል ላይሰንስ (የተለማማጅ መንጃ ፈቃድ) አውጥቼ ቲዎሪውን አልፌያለሁ። የአስተማሪውን ክፍያ ግን አልቻልኩትም። የአክስቴ ልጅ በራሱ መኪና ሊያለማምደኝ ፈቃደኛ ነው። አገር ቤት 15 ዓመት ነድቷል፣ እዚህ ደግሞ ተፈትኖ ካለፈ ሁለት ዓመት ሊሞላው ነው። መኪናው ፉል ኢንሹራንስ ስላለው ማንም ቢነዳው ይሸፍናል ይለኛል። ለማንኛውም እሁድ ጠዋት ሱፐርማርኬት ፓርኪንግ ውስጥ እንጀምር ብሎኛል። ችግር አለው? (ከለንደን)

መልስ፦ አለው እህቴ፤ ያውም ሁለት። እባክሽ የእሁዱን ቀጠሮ ሰርዢው።

መጀመሪያ ኢንሹራንሱ። የአክስትሽ ልጅ ፉል የሚባለውን፣ ኮምፕሪሄንሲቭ ገዝቷል እንበል። ይሄ ማለት አደጋ ሲደርስ የሌላውም የእሱም መኪና ጉዳት ይሸፈናል፣ አብዛኛውን ጊዜ ስርቆትና እሳትም አለበት። መሪውን ማን ሲይዝ ነው የሚሸፈነው የሚለው ግን ሌላ ጥያቄ ነው። መልሱ ያለው የኢንሹራንስ ሰርተፍኬቱ ላይ ነው። ብዙ ሰው ኢሜይሉ ውስጥ ሳይከፍተው የሚተወው አንድ ገጽ ወረቀት አለ አይደል? እሱን ይክፈተው። ታርጋው፣ የሚጀምርበትና የሚያበቃበት ቀን ተጽፏል፤ ከዚያ ቀጥሎ መኪናውን ለመንዳት የተፈቀደላቸው ሰዎች በስም ተዘርዝረዋል። ስምሽ እዚያ ከሌለ አንቺ ስትነጂው፣ ለአንቺ ተብሎ የተገዛ ሌላ ኢንሹራንስ ካልኖረ በስተቀር፣ መኪናው ኢንሹራንስ እንደሌለው ይቆጠራል። ከጎንሽ ባለቤቱ ተቀምጦ መሪውን እየያዘልሽ ቢሆን እንኳ ለውጥ የለውም።

አገር ቤት መስታወቱ ላይ የሦስተኛ ወገን ስቲከር ካለ ነገሩ አለቀ ብለን ስለለመድን ይመስለኛል ይሄ ስህተት በእኛ ሰው ዘንድ የበዛው። እንግሊዝ አገር ኢንሹራንሱ የሚሰላው በመኪናውና በነጂው አንድ ላይ ነው። ተለማማጅ ሲሆን ደግሞ ኩባንያው ተነግሮት፣ እሺ ብሎ፣ በጽሑፍ መልስ መስጠት አለበት።

ካልሆነስ? ፖሊስ ካስቆማችሁ ያለ ኢንሹራንስ በመንዳት እዚያው 300 ፓውንድ ቅጣትና ላይሰንስሽ ላይ 6 የጥፋት ነጥብ ነው። ፍርድ ቤት ከሄደ ቅጣቱ ጣሪያ የለውም፣ ከመንዳት መታገድም አለ። መኪናውን ጭነው ሊወስዱት ይችላሉ። ነጥቡ ፕሮቪዥናል ላይ ነው ብለሽ እንዳትናቂው፤ ፈተና ካለፍሽ በኋላም ይከተልሻል።

እኔን ይበልጥ ያሳሰበኝ ግን የአክስትሽ ልጅ ነው። ኢንሹራንስ የሌለው ሰው መኪናውን እንዲነዳ የፈቀደ ባለቤትም በዚያው ሕግ ይጠየቃል፤ ለእሱም ከ6 ነጥብ አያንስም። እዚህ አገር ደግሞ አዲስ ሹፌር ፈተና ካለፈ በኋላ ባሉት ሁለት ዓመታት ውስጥ 6 ነጥብ ከሞላበት ላይሰንሱ ይሰረዛል። እሱ ሁለት ዓመቱ ገና አልሞላም ብለሽኛል። ስለዚህ አንቺን ለመርዳት ብሎ እንደገና ፕሮቪዥናል አውጥቶ፣ ቲዎሪ ተፈትኖ፣ መንዳቱንም ተፈትኖ ከዜሮ ሊጀምር ይችላል ማለት ነው። ይሄን ንገሪው። በደግነት የተነሳ ሰው እንዲህ ሲጎዳ ማየት ያሳዝናል።

ፓርኪንጉም አያድናችሁም። የሱፐርማርኬት ግቢ የግል ይዞታ ቢሆንም ሕዝብ የሚገባበት ቦታ ስለሆነ ሕጉ እንደ መንገድ ነው የሚያየው። የቤተ ክርስቲያን ግቢም ምእመኑ መኪና የሚያቆምበት ከሆነ ያው ነው። እዚያ ደግሞ ሕፃናት ይሮጣሉ። ሰው ከተጎዳ ተጎጂው ካሳውን ያገኛል፤ ከዚያ ግን የከፈለው ወገን ገንዘቡን ከእናንተ ለማስመለስ ሊመጣ ይችላል፣ እሱ ደግሞ ዕድሜ ልክ ተሠርቶ የማያልቅ ዕዳ ሊሆን ይችላል።

ሁለተኛው ችግር የአክስትሽ ልጅ ራሱ ነው። ከተለማማጅ ጎን የሚቀመጥ ሰው ከ21 ዓመት በላይ መሆን አለበት፤ ሙሉ ላይሰንስ ከያዘ ደግሞ ሦስት ዓመት ሊሞላው ይገባል። ያ ላይሰንስ የእንግሊዝ፣ የአውሮፓ ኅብረት አገሮች፣ ወይም የስዊዘርላንድ፣ የኖርዌይ፣ የአይስላንድና የሊክተንስታይን ነው መሆን ያለበት። የአገር ቤቱ 15 ዓመት እዚህ አይቆጠርም። የደሴን ዳገት በሲኖትራክ የወጣ ሹፌር ቢሆንም አይቆጠርም። በአንጻሩ ጣሊያን ወይም ስዊድን ላይሰንስ አውጥቶ የነዳ ዘመድ ካለሽ የእሱ ይቆጠራል። ማኑዋል መኪና ላይ የምትለማመጂ ከሆነ አብሮሽ የሚቀመጠውም ማኑዋል የተፈተነ መሆን አለበት፤ በአውቶማቲክ ያለፈ ሰው አይሆንም። ይህን ሳታሟዪ ብትነጂ እስከ 1,000 ፓውንድ ቅጣትና እስከ 6 ነጥብ አለው።

ስለዚህ ሌላ ሰው ፈልጊ። እድሩ ውስጥ፣ ማኅበሩ ውስጥ፣ እዚህ አሥር ዓመት የነዳች እህት አትጠፋም። መኪናው የአክስትሽ ልጅ ሊሆን ይችላል፤ ኢንሹራንሱ ከተስተካከለ ከጎንሽ የምትቀመጠው እሷ ትሁን። ስልኳን ግን ቦርሳዋ ውስጥ ታድርገው። አብሮ የሚቀመጥ ሰው በስልክና በመጠጥ ጉዳይ እንደ ሹፌር ነው የሚጠየቀው። እግረ መንገዴን፣ ላይሰንስ ያለኝ ነኝና በሰዓት ይሄን ያህል ክፈሉኝ እያለ የሚያስተምር ሰው ካጋጠመሽ ሽሺው። የተመዘገበ አስተማሪ ካልሆነ ገንዘብ መቀበሉ ወንጀል ነው።

ጥያቄ፦ ልጄ 17 ሞላው፤ መንዳት እየጓጓ ነው። እኔ ሚኒካብ ነው የምሠራው፤ ባለቤቴ ደግሞ ትንሽ ቶዮታ አላት። የዘጠኝ ዓመት ኖ ክሌም ቦነስ (ካሳ ሳይጠየቅ ለቆየ ሰው የሚሰጥ የኢንሹራንስ ቅናሽ) አላት። እሱን ብናስገባው ይበላሽብናል ብለን ፈራን። በየትኛው መኪና፣ በየትኛው ኢንሹራንስ ይለማመድ? (ከሊድስ)

መልስ፦ ወንድማችን፣ ሚኒካቡን ይርሱት። የታክሲ ኢንሹራንስ የሚሸፍነው በአብዛኛው የታክሲ ፈቃድ ያለውን ሹፌር ብቻ ነው፤ የተለማማጅ ኢንሹራንስ የሚሸጡት ኩባንያዎችም ብዙዎቹ ታክሲ አይቀበሉም። ደግሞ የእንጀራዎ መኪና ነው። የባለቤትዎ ቶዮታ ትሻላለች።

መንገዱ ሁለት ነው። አንደኛው ባለቤትዎ ኩባንያዋን ደውላ ልጁን ተጨማሪ ሹፌር አድርጋ ማስመዝገብ ነው። ዋጋው ይጨምራል፣ ለ17 ዓመት ልጅ አንዳንዴ በጣም ይጨምራል። አደጋ ቢያደርስ ደግሞ ክሌሙ የሚመዘገበው በእሷ ላይ ስለሆነ የዘጠኝ ዓመቱ ቦነስ ሊነካ ይችላል። ስለዚህ ፍርሃታችሁ ልክ ነው። ሁለተኛው በልጁ ስም ለብቻው የሚገዛ የተለማማጅ ኢንሹራንስ ነው። ለቀናት፣ ለሳምንታት ወይም ለወራት ይሸጣል። የእናትየው ፖሊሲ (የኢንሹራንስ ውል) እንዳለ ይቀጥላል፣ የእሱ ከላይ ይደረብበታል። ልጁ ቢያጋጭ የሚጠየቀው የእሱ ኢንሹራንስ ስለሆነ ቦነሷ አብዛኛውን ጊዜ አይነካም። ለእናንተ እኔ የምመርጠው ይሄን ነው። በሳምንት አንድ ቀን ብቻ የሚነዳ ከሆነ ግን ሁለቱንም አስልታችሁ እዩ።

ከመግዛታችሁ በፊት ኩባንያውን ጠይቁ። አብሮ የሚቀመጠው ሰው ስንት ዓመት መሆን አለበት? ሕጉ 21 ቢልም አንዳንድ ኩባንያ ከ25 በላይ ካልሆነ አይቀበልም። ማታ መንዳት ይፈቀዳል? ኤክሰሱ፣ ማለትም አደጋ ሲደርስ ከኪሳችሁ የምትከፍሉት፣ ስንት ነው? ለወጣት ተለማማጅ ከፍ ይላል። ፈተናውን በዚያው መኪና ቢፈተንስ ይሸፈናል? መልሱን በኢሜይል ተቀበሉ። በስልክ እሺ ተብለናል የሚለው በኋላ ማስረጃ አይሆንም።

ተለማማጅ መሆኑን የሚያሳየውን የኤል (L) ምልክት ከፊትም ከኋላም ለጥፉ። ሞተርዌይ ከእናንተ ጋር አይገባም፤ እዚያ ተለማማጅ የሚፈቀድለት ከተመዘገበ አስተማሪ ጋር፣ ለአስተማሪውም ፍሬን ባለው መኪና ብቻ ነው፤ ይህም ከሰኔ 2018 እ.ኤ.አ. ወዲህ የተፈቀደ ነው።

ሳይጠይቁኝ አንድ ነገር ልጨምር። ልጁ ካለፈ በኋላ የራሱን መኪና ሲገዛ፣ ዋጋው እንዲቀንስ በአባት ስም እናድርገውና እሱ ተጨማሪ ሹፌር ይሁን የሚል ምክር ከየአቅጣጫው ይመጣል። ዋናው ነጂ እሱ ሆኖ ሳለ ይህን ማድረግ ማጭበርበር ነው። አደጋ በደረሰ ቀን ኩባንያው አልከፍልም ሊል፣ ፖሊሲውንም ሊሰርዝ ይችላል። ፖሊሲ ተሰርዞበት የሚያውቅ ሰው ደግሞ በኋላ ኢንሹራንስ ሲፈልግ ዋጋው አይቀመስም። በሚኒካብ ለሚተዳደር ሰው ይሄ ቀልድ አይደለም።

ጥያቄ፦ በወንድሜ መኪና ልፈተን ነው። ካለፍኩ እየነዳሁ ቤቴ መመለስ እችላለሁ? (ከበርሚንግሃም)

መልስ፦ አብዛኛው የተለማማጅ ኢንሹራንስ የሚያበቃው ፈታኙ አልፈሃል ባለህ ደቂቃ ነው። ከዚያች ደቂቃ በኋላ ተለማማጅ አይደለህም፣ ፖሊሲው ደግሞ ለተለማማጅ ነው። በደስታ ሞተሩን አስነስተው ያለ ኢንሹራንስ የሚነዱ ልጆች አሉ። የወንድምህ ፖሊሲ ላይ በስም ገብተህ ከሆነም ማለፍህን ለኩባንያው ማሳወቅ አለብህ፤ ዋጋውም ሊቀየር ይችላል።

መኪናውን ከሳምንት በፊት እየው። ታክሱና ኤም ኦ ቲው (የመኪናው የዓመት ምርመራ) ያላለቀ፣ ዳሽቦርዱ ላይ የኤርባግም ሆነ ሌላ የማስጠንቀቂያ መብራት የማይበራበት መሆን አለበት። ለፈታኙ የሚሆን ተጨማሪ የውስጥ መስታወትም ያስፈልጋል፤ ከመኪና ዕቃ መሸጫ በርካሽ ይገኛል። ከእነዚህ አንዱ ከጎደለ ፈተናው ሊሰረዝና የከፈልከው ሊቀር ይችላል፤ በሥራ ቀን 62 ፓውንድ ነው። ሌላ ቀጠሮ ለማግኘት ደግሞ ወራት ሊወስድ ይችላል። ወንድምህ አብሮህ ይምጣ። ካለፍክ አዲሱን ኢንሹራንስ እዚያው በስልክህ ካልገዛህ በስተቀር ሲመለስ እሱ ይንዳ።