መልስ፦ ጎንደር ሆኖ ማኅበራዊ ፖሊሲ መማር ይጠቅማል ወይ ላልሽው

እህቴ፣ «እኛ አገር ለሥራ አጥ ድጎማ የለ፣ የአውሮፓን ሥርዓት ጎንደር ቁጭ ብዬ ባጠና ምን ይረባኛል?» ብለሻል። በጣም ይረባሻል። የጤና መድን ሕግ ያወጣው የጀርመን መሪ ቢስማርክ በ1883፣ የማኅበራዊ ዋስትና ዕቅድ ያቀረበው እንግሊዛዊው ቤቨሪጅ በ1942 (እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር) የገጠማቸው ጥያቄ የኛም ነው፦ ሰው ሲታመም፣ ሲያረጅ፣ ሥራ ሲያጣ ወጪውን ማን ይሸፍን? የግል ድርጅት ሠራተኛ የጡረታ አዋጅ የወጣለት በ2003 ዓ.ም. ነው፤ ሴፍቲኔትም (የምግብ ዋስትና ለሌላቸው ድሆች የሚሰጠው ድጋፍ) ከ1997 ጀምሮ አለ።

ከሁሉ ግን የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድንን ተከታተይ። አባወራው በየዓመቱ መዋጮ ይከፍላል፣ መክፈል ለማይችለው መንግሥት ይሸፍንለታል። ታዲያ «መክፈል አይችልም» የሚለው ማነው? ልየታው የሚጀመረው ቀበሌ ላይ ነው። በኪራይ ቤት የምትኖር፣ በየጊዜው ሰፈር የምትቀይር እንጀራ ጋጋሪ ችግሯን የሚመሰክርላት ጎረቤት ከየት ታመጣለች? እኔን እንቅልፍ የሚነሣኝ ይኼ ነው፤ ንድፈ ሐሳቡም ሕይወት የሚዘራው እዚህ ላይ ነው።

እድርንም አትናቂው፤ ለቀብር ቶሎ ይደርሳል፣ ለረጅም ሕመም ግን አቅሙ ውስን ነው።

ዲፓርትመንት ስትመርጪ ሶሻል ወርክም ሶሲዮሎጂም ያስኬዱሻል። ስታትስቲክስን ግን እንዳትሸሺ፤ በጀት ማንበብ ካልቻልሽ ፖሊሲውን ግማሹን ብቻ ነው የምታዪው።